በመርፌ ወይስ በጆሮ

በቤታችን ትልቁ ጠብ በሃይማኖትም፣ በፖለቲካም፣ በእኔ አለማግባትም አልነበረም። በሦስተኛው ክር ነበር። አባቴ ሦስተኛውን ክር ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ይቃኘዋል፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ «ወርዷል» እላለሁ። «አልወረደም፣ ተደላድሎ ተቀመጠ እንጂ» ይለኛል። «ወርዷል አባዬ፣ ይኸው ስልኩ ላይ እየው።» «ስልክሽ ዘፍኖ ያውቃል?» እናቴ ከጓዳ «ደግሞ ጀመራችሁ!» ትልና በሩን ትዘጋብናለች። እንዲህ እያልን ብዙ ዓመት ተጨቃጨቅን።

ይህን የምጽፈው ማን ልክ እንደነበረ ለመፍረድ አይደለም። ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ያሸነፍኩበትን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። የምጽፈው በዚያው በቅኝት ጣጣ እናቴን ከአባቴ የመጨረሻ ሰዓት ስላስቀረኋት ነው። ባሏ ጠርቷት ነበር። የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ያላደረስኩትም እኔ ነኝ። ከአንድ ዓመት በላይ ሳልነግራት አብሬያት በላሁ፣ ጠጣሁ።

ክሩ የፔዳል ስቲል ጊታር ክር ነው። አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ጊታር ከሚባል ጠረጴዛ ቢባል ይቀርበዋል። አራት እግር አለው። ዐሥር ክሮች ከላይ ተጋድመዋል፤ ከሥር በእግር የሚረገጡ ሦስት ፔዳሎች አሉ፣ በጉልበት የሚገፉ ዘንጎችም አሉት። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የተወለወለ ድቡልቡል ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ይመታል። ፔዳሉን ሲረግጠው ከሥር ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች ክሩን ይስቡትና ድምፁ ገና እየተሰማ ሳለ ከፍ ይላል። በካንትሪ ዘፈን ውስጥ ከዘፋኙ ጀርባ ሆኖ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ፒያሳ ደግሞ የዚያ ለቅሶ የድሮ ወዳጅ ናት።

አባቴ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረችው። ስድስት ኪሎ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ የጽሕፈት መኪናውን እያመጣ እሱ ዘንድ ያሠራ ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ባለ አራት እግር ነገር ለአባቴ ትቶለት ሄደ፤ ግማሹ ዘንግ ተሰብሯል፣ ፔዳሎቹ አይሠሩም። አባቴ ገልብጦ ሆድ ዕቃውን ሲያየው «ይሄማ የኛው የጽሕፈት መኪና ነው!» አለ ይባላል። ዘንግ አለ፣ ስፕሪንግ አለ፣ አንዱ ሲጫን ሌላው ይነሣል። ከአሮጌ የጽሕፈት መኪና በፈታቸው ስፕሪንጎች ጠገነው። መጫወቱንም ከካሴት እየሰማ ለብቻው ተማረ። የሰፈሩ ጎረምሶች በሩ ላይ ተቀምጦ ሲረግጥ እያዩት «ጋሼ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ?» ይሉታል። «ምላስ ነው የማሳጥረው፣ ና ግባ!» ይላል፣ ዜማውን ሳያቋርጥ።

ፈረንጁ መሣሪያውን ከነቅኝቱ ነበር የተወለት። አባቴ ግን በአንድ ቅኝት መኖር አልቻለም። ክራር መቺ እንደሚያደርገው፣ ሊጫወት ያሰበውን አስቦ ሦስት አራት ክር ያላላል፣ ያጠብቃል፤ አንድ ቀን ትዝታ፣ አንድ ቀን ባቲ፣ ሲያሰኘው አምባሰል፣ ሲከፋው አንቺ ሆዬ። ጣጣው ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ ነው። በአማርኛ ክሩን ማጥበቅና ማላላቱም ቅኝት ነው፣ ዜማው የሚሄድበት መንገድም ቅኝት ነው። «እንዴት ልቃኘው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ «በጆሮ» ይላችኋል፣ ሌላው «በባቲ» ይላችኋል፤ ሁለቱም በትክክል መልሰዋል። ከአራቱ የአንዱ ስም ደግሞ ሴት መጥሪያ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ቆም ብዬ አስቤበት ግን አላውቅም ነበር።

ወደ ጠቡ ልመለስ። መሣሪያውን ለመቃኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መርፌ ነው። ድሮ ትንሽ ሳጥን ነበር፣ አሁን ስልክ ላይ ይጫናል። ክሩን ትመታላችሁ፣ መርፌዋ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ መሐል ላይ ስትቆም አረንጓዴ ይበራል፣ አለቀ። ኪቦርድ የሚስማማው ከዚህች መርፌ ጋር ነው፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል እኩል ተከፍሎ የተሠራ ነውና። ሁለተኛው መንገድ ጆሮ ነው። ሁለት ክሮች አብረው ተመትተው ሳይስማሙ ሲቀሩ በመካከላቸው ዋይ ዋይ የሚል ነገር ይሰማል። አንዱን በጥቂቱ ስታላሉት ዋይታው እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል። ሦስተኛው ክር በዚህ መንገድ ሲቃኝ መርፌዋ ከምትፈልገው ሁለት ሦስት ጭረት ዝቅ ይላል። ለብቻው ስትሰሙት የወረደ ይመስላል፤ ከሌሎቹ ጋር ስትሰሙት አንጀት ያርሳል።

«መርፌሽ የምታውቀው ሕግ ነው፣ እኔ የያዝኩት ሽምግልና ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። ክሮቹንም «ተጣሉ»፣ «ታረቁ» እያለ ነው የሚጠራቸው። በተለይ አንቺ ሆዬን በመርፌ መቃኘት እንደ ነውር ያየዋል። በዚያ ቅኝት ውስጥ ተጠጋግተው የሚቆሙ ድምፆች አሉ፤ አንዱ በጥቂቱ ከተገፋ ሐዘናቸው ይጠፋል ባይ ነው። «ሐዘን እኩል ተካፍሎ አያውቅም» አለኝ አንዴ። እኔ ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ልክ የሆነና ልክ ያልሆነ ነገር አለ ብዬ ነው የማምነው። ደግሞም ንዴታም ነኝ፤ አንድ ነገር ትክክል መሆኑን ካወቅሁ ሰው እስኪያምንልኝ ድረስ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ባሕሪዬን ተማሪዎቼም ያውቁታል፣ ያገባኛል ተብሎ የነበረውም ሰውዬ ያውቀዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ አሮጌ ሆቴል ሳሎን ውስጥ እንጫወት ነበር። እኔ ኪቦርድ፣ አባቴ ስቲል፣ አንዲት ዘፋኝ። ሰዎቹ ማኪያቷቸውን ይዘው ያወራሉ፣ አንዳንዴ ያጨበጭባሉ። ችግሩ የኔ ኪቦርድ በመርፌ፣ የአባቴ ስቲል በጆሮ መቃኘቱ ነው። ለየብቻ ስንጫወት ሁለታችንም ያምርብናል፤ አንድ ላይ ሲሆን ሦስተኛው ክር ከኔ ጋር ይላተማል። አባቴ ብረቱን በጥቂቱ እያንሸራተተ ወደኔ ሊመጣ ይሞክራል። ወደኔ መምጣቱን ዛሬ ነው ያወቅኩለት። ያኔ የሚታየኝ ስሕተቱ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ዘፋኟ መሐል ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ትንሽ ወርደዋል» አለችው። ክፋት አልነበረባትም። እኔ አባቴን እንደመከላከል ስልኬን አውጥቼ ተነሣሁ። ከነወንበሩ ገፋ አድርጌው መሣሪያው ላይ ጎንበስ አልኩና ዐሥሩንም ክር አንድ በአንድ አረንጓዴ አበራሁባቸው። እየቃኘሁ «ጆሮህ ደክሟል አባዬ፣ ዕድሜ ነው፣ አይፈረድብህም» አልኩት። ለሱ ብቻ ያልኩት መስሎኝ ነበር። የዘፋኟ ማይክ ክፍት ነበር። ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ፤ አንድ ሰውዬ አጨበጨበ። አባቴም ፈገግ አለ። ከዚያ በመርፌው ቅኝት እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ሳይሳሳት ተጫወተ፣ ከኪቦርዴም ጋር አልተላተመም። እንዲያ ያለ የሞተ ነገር ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልክ ነበራ።

ከዚያ ቀን በኋላ ክሩን ራሱ ነክቶት አያውቅም። ልንጫወት ስንል መቃኛ ቁልፉን በመዳፉ ላይ አድርጎ ይዘረጋልኛል። «ቃኚልኝ» ይላል። ቁጣ የለበትም፣ ሽሙጥም የለበትም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። እኔም እቀበለውና እቃኛለሁ፣ በመርፌ። ጥቂት እሑድ እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ከእራፊ የተሰፋ አልጋ ልብስ አምጥቶ መሣሪያውን አለበሰው። እናቴ «ምነው?» ስትለው «አቧራ» አላት። እኔና እሱ አቧራ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፌ አልተፈታልኝም። ዛሬ ነገ እያልኩ ክረምት ገባ።

ክረምት መግቢያ ላይ አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱም ተያያዘ። ሆስፒታል ገባ። እናቴ ከአልጋው አጠገብ ካለችው ወንበር ከሳምንት በላይ አልተነሣችም ማለት ይቻላል፤ እዚያው ትቀመጣለች፣ እዚያው ታሸልባለች። የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ እጇን ሲፈልግ በደህና እጁ አልጋውን ይዳብሳል። በዘጠነኛው ቀን እኔ ነኝ «እማዬ፣ ቤት ደርሰሽ ገላሽን ታጥበሽ ነይ፣ እኔ አለሁ» ያልኳት። አልሄድም አለች። ተቆጣኋት። ሄደች።

ከአባቴ ጋር ብቻዬን ስቀር ዝምታውን አልቻልኩትም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የዚያን እሑድ ነገር አነሣሁበት። «አባዬ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት። «አሁኑኑ ቤት ሄጄ መሣሪያውን እንደ ድሮህ በጆሮ እቃኘዋለሁ። መርፌ አልነካም። ቀድቼ አመጣልህና ትሰማዋለህ። በየትኛው ቅኝት ላድርገው?» ከንፈሩ ብዙ ታገለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቃል ወጣ፦ «አንቺ… ሆዬ።»

የተደሰትኩትን ደስታ አልረሳውም። ይቅር አለኝ ብዬ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች መካከል በመርፌ መነካት የማይገባውን መረጠልኝ ብዬ ነው። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። እናቴ የምትቀመጥባት ባዶ ወንበር ላይ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ዓይኔ አይቶታል፣ ልቤ ግን በራሱ ጥፋት ተይዞ አለፈው። ግንባሩን ስሜ፣ ነርሷን አደራ ብዬ፣ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሾርባ ያለበትን ፔርሙስ ይዛ ልትወጣ በር ላይ ነበረች። «ተናገረ እማዬ! ተናገረ!» አልኳት። ፔርሙሱን ከእጇ ልትጥለው ነበር። «ምን አለ?» «ቅኝት ነገረኝ! ቁጭ በይ፣ አንድ ነገር ቀድቼ አብረን እንሄዳለን።» «እኔ ልቅደም፣ አንቺ ድረሺብኝ።» «አምስት ደቂቃ እማዬ! ደህና ነው እያልኩሽ፣ እያወራ ነው እኮ!» አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል ፈለገች። ደስታዬን መስበር አልፈለገችም መሰለኝ፣ ፔርሙሱን መሬት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

በመርፌ ቢሆን እውነትም አምስት ደቂቃ ነበር። እኔ ግን በጆሮ መረጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ። ንስሐ ገብቼ ነዋ። አልጋ ልብሱን ገፍፌ ቁልፉን ያዝኩ። አንዱን ሳላላ ሌላው ይከፋል፣ አንዱን ሳስታርቅ ሌላው ይጣላል። ዋይታውን እሰማዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን አላውቅም፣ ስንት ዓመት አረንጓዴ ሲበራልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሦስተኛውን ክር አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሳመላልሰው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ትርፍ ክር ፍለጋ የአባቴን መሳቢያዎች ሁሉ በረበርኩ። አግኝቼ አሰርኩ፤ አዲስ ክር ደግሞ ቶሎ አይረጋም፣ ደጋግሞ ይወርዳል። እናቴ ሁለት ጊዜ «ይቅርብሽ፣ እንሂድ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ «ደረሰልኝ» አልኳት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትዘገይብኝ ቀና ብዬ አየኋት። እንቅልፍ ወስዷታል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ደህና እንቅልፍ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ። እሰይ ብዬ ተደሰትኩ። እንዳትነቃብኝም ክሩን ቀስ እያልኩ መታሁ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከሄደ በኋላ ክሮቹ ታረቁ። እውነቴን ነው፣ ጸጥ አሉ። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ምን እንደሚሰማ ያኔ ገባኝ። እያለቀስኩ የስልኬን መቅጃ ከፍቼ መጫወት ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ስልኩ ጠራ፣ ቀረጻው ተቋረጠ። ከሆስፒታል ነበር። ነርሷ ቶሎ ኑ አላለችኝም። «ሰው አለ አጠገብሽ?» ነው ያለችኝ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፣ እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ «ያን ቀን ምን ነበር ያለሽ?» አለችኝ። «ስለ ቅኝት ነው እማዬ፣ መሣሪያውን እንድቃኝለት» አልኳት። የትኛውን ቅኝት እንዳለ አልነገርኳትም፤ ለሷ ምን ይጠቅማታል ብዬ። «ስለኔ ምንም አላለም?» «አላለም።» ራሷን ነቀነቀች። «እሱ እኮ መሣሪያውን ሲያይ እኔን ይረሳል» ብላ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ለቅሶ ደራሽ መጥቶ «መጨረሻው እንዴት ነበር?» ሲል ግን አንገቷን ደፍታ «እኔ አልነበርኩም» ትላለች። በቃ ይህችን ብቻ። ሃምሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ስለ ባሏ ሞት የምትለው «እኔ አልነበርኩም» ሆነ። ሰው በመጣ ቁጥር ይህን እየሰማሁ ሻይ እቀዳለሁ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው ነገሩ የወጣው። ሰፈራችን ግማሹ ፈርሷል፤ በቆርቆሮ የታጠረው እስከ ግድግዳችን ደርሷል። ከኛ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ የወሎ ሴትዮ ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ጎረቤት ናቸው። ዕቃቸውን አስጭነው ሊሰናበቱን ገቡ። ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲያለቅሱ ቆዩና ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው «ይቺ እናትሽ ሙሽራ ሆና ስትመጣ አባትሽ እንዴት ይጠራት እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እናቴ «ተይ እንግዲህ፣ አታሳፍሪኝ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እናቱ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር፣ በሳቸው ፊት በስሟ መጥራት ያፍራል። ግቢ ሲገባ በዜማ 'አንቺ ሆዬ!' ይላል። እኔ በግድግዳው እሰማዋለሁ። ያላህ፣ እንዴት እቀና ነበር መሰለሽ!» እናቴ እየሳቀች «እሷ ከተወለደች ወዲያ ተወው። የልጅቷ እናት ተባልኩና ቀረሁ» አለች።

የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቆሜ ያን ቀን አሰብኩት፦ የኔን ጥያቄ፣ የሱን ከንፈር፣ ባዶዋን ወንበር። እኔ ስለ ቅኝት ጠየቅኩት፤ እሱ ግን ለኔ አልመለሰም። ሚስቱን ጠራት። በስትሮክ በተያያዘ ምላስ፣ ከሃምሳ ዓመት ወዲያ ሄዶ የመጀመሪያውን ስሟን አመጣ። መልእክቱን የተቀበልኩት እኔ መልእክቱን ቅኝት አደረግሁት። ይባስ ብዬ እሷን መደብ ላይ አስቀምጬ፣ አስተኝቼ፣ በስሟ ክር ሳጠብቅ ዋልኩ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሳሳት ሰው በየት አገር አለ? ምናልባት እውነትም ቅኝት ነበር ያለው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሆነም። ዓይኑን አይቻለሁ።

ሦስት ሳምንት አፌን ዘግቼ ሰነበትኩ። ብነግራት ልቧን እሰብራለሁ፤ ባልነግራት ደግሞ ባሌ ሳያስታውሰኝ ሞተ እያለች ትኖራለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ በሒሳብ አይሠራም። በመጨረሻ የወሰንኩት በብልሃት አይደለም፣ ስላቃተኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ማይኩን፣ ጥያቄዬን፣ ያለውን፣ ያየውን፣ በመርፌ ቢሆን አምስት ደቂቃ ይበቃኝ እንደነበር ጭምር።

እጇ አላቆመም። ድንጋዩን ከምስሩ እየለየ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ቆመ።

«ወንበሬን ነው ያየው?»

«አዎ እማዬ።»

«እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ። እኔ ነኝ! አንቺማ እንሂድ ብለሽኝ ነበር።» እንባዬ መጣ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ምን አደረግሽኝም አላለችኝም። ሰፌዱን ከጭኗ አንሥታ መሬት አስቀመጠችው። «አታልቅሺብኝ፣ ጸጥ በይ» አለች። «እንዴት ነው ያለው?»

«አንቺ ሆዬ ነዋ።»

«ምን እንዳለማ ነገርሽኝ። እንዴት አድርጎ እንዳለው ነው የምጠይቅሽ። እንደሱ አድርገሽ በይልኝ።»

አልኩላት። ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። ፍጥን አድርጎ አይልም። 'አንቺ' ላይ ይቆያል።»

ደገምኩት።

«ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረግሁት።

«ከዚያም ዝቅ። እየደከመው አልነበር እንዴ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ከንፈሩ ላይ ያስጠጋሁበት ሰዓት መጣልኝ፤ የምላሱ መያያዝ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የነበረው ትግል፣ የወጣው ትንሽ ትንፋሽ። እንደሰማሁት አድርጌ፣ ከዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ አራተኛ ጊዜ አልኩት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ፊቷን ከኔ ወደ በሩ መለሰች።

«አቤት» አለች።